ቆላ ሲወርድ የሚታመም ሬዲዮ

ዘይነዲን ጎባ ገበያ ዳር ሬዲዮ መጠገን ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነበር። እጁን ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ምላሱ ግን ይቸኩላል። በ1961 ዓ.ም. በጋ ላይ አዴ ጁሀራ የሚባሉ እናት ያንኑ ሬዲዮ ለሦስተኛ ጊዜ ከብድሬ ቆላ ይዘው ሲመጡ፣ ሬዲዮው ጤነኛ እንደሆነ፣ እሳቸው ግን በአዲስ ሊያስለውጡት ሰበብ እንደሚፈልጉ ሰው ፊት ተናገረ። ደንበኞቹ ሳቁ።

ጁሀራ አልተቆጡም። ብድሬ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ጎረቤቱ የቀትር ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ሬዲዮው ጠዋት ደህና ይናገራል፣ ቀትር ላይ ይንተባተባል፣ ሲመሽ ይድናል። ጎባ ብርድ ሲደርስማ ምንም አይለውም።

«ልጄ፣ እኔ የዕቃውን ነገር አላውቅም» አሉ። «የሚታመመው ግን ሲሞቀው ነው። እሳት አጠገብ አስቀምጠውና እይ።»

ዘይነዲን ስህተታቸውን ሊያሳይ ብሎ የከሰል ምድጃ አስጠጋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የዜና አንባቢው ድምፅ ጎረነነ፣ ተቆራረጠ። መስኮት ላይ ሲያኖረው ቀስ እያለ ጠራ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ክዳኑን ፈቶ የጋለ መበየጃ ሳያስነካ ድምፁን በሚያጎሉት ጥቃቅን ትራንዚስተሮች አጠገብ ተራ በተራ ያዘ። አራተኛው ላይ ድምፁ ተበላሸ፤ በእርጥብ ጥጥ ሲያቀዘቅዘው ተመለሰ። አዲስ አበባ ሲማር የሰማው ነገር ትዝ አለው። የመዳብ ሽቦ ሲግል የኤሌክትሪክን መንገድ ያጠብባል። ትራንዚስተሩ የተሠራበት ጀርማኒየም ግን በተቃራኒው ሲሞቅ ይከፍታል። ቀዝቀዝ ሲል የሚያሳልፈውን የሚወስነው ሆን ተብሎ የተጨመረበት ቅንጣት ባዕድ ነገር ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ያ ልክ ይፈርሳል። ይህን ዘይነዲን ያውቅ ነበር። ግን ጎባ ተቀምጦ ሙቀትን እንደ ብልሽት ምክንያት ቆጥሮት አያውቅም ነበር።

ሙቀት የሚችል የሲሊከን ትራንዚስተር ተካበት፤ በዙሪያው ያሉትንም ዕቃዎች ለእሱ እንዲስማሙ አስተካከለ። ከዚያ ተነሥቶ በዚያው ሰው ፊት እንዲህ አለ፦

«አዴ ጁሀራ፣ እርስዎ ያዩትን ነው የነገሩኝ። እኔ ነኝ ሳላይ የፈረድኩት። አውፍ ይበሉኝ።»

ጁሀራ አላህ ይቅር ይበለን ብለው ተቀመጡ፤ ያ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር እንዴት ሙቀትን እንደምታውቅ ጠየቁት። እስኪገባቸው ድረስ አስረዳ፤ ሲያስረዳ ለራሱም ይበልጥ ገባው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጃርሶ የሚባል የከብት ነጋዴ ከብድሬ መጥቶ፣ ሬዲዮው በጠራራ ፀሐይ ጥርት ብሎ እንደሚናገር ነገረው። ዘይነዲን ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደተበላሸ ከመጠየቁ በፊት አገሩ የት እንደሆነ ይጠይቃል።