እያወሩ መራመድ

«ገመዱን ወዲህ ሳበው እንጂ ፈንታሁን! ታስራለህ ወይስ ቆመህ ታያለህ?»

ተናጋሪው ጋሽ ደሴ፣ የታች ሰፈር እድር ዳኛ፣ ነበሩ። ፈንታሁን ገመዱን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። አንድ አግዳሚ ወንበር ሳይመለስ ቀርቶ የእሱ የላይ ሰፈር እድርና የታች ሰፈሩ ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያ ኩርፊያ፣ በፈንታሁን አፍ ሲነገር፣ መንግሥታት ካደረጉት ጦርነት ሁሉ ይብሳል። ዛሬ፣ ጓደኛው መምህር ጸሐዩ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ የታች ሰፈር ሰው ድንኳኑን በትከሻው ተሸክሞ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከላይ ሰፈሩ ድንኳን ጋር ጠርዝ ለጠርዝ እያጋጠመ ነው። ሰቆጣ ከተቆረቆረች እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም፤ ቢታይም ፈንታሁን ስላልነበረ አይቆጠርም።

ከሸራው ማዶ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«የልብ ሕመምተኛን ዳገት ለዳገት ማንከራተት ምን ይሉታል?»

«ጓደኛው ነዋ የወሰደው።»

ፈንታሁን ቋጠሮውን አጠበቀ። እነሱ የሚያውቁት ግማሹን ነው።

ከአሥር ወር በፊት መምህሩን የልብ ድካም ጣለው። ከሆስፒታል ሲወጣ ሲስተር ሰላማዊት፣ «መተኛት አያድንዎትም» አለችው። «ዛሬ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፣ በየሳምንቱ ይጨምሩ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነዎት። መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ። ማውራት ካቃተዎት ግን ወዲያው ይቁሙ።» ወደ ፈንታሁንም ዞራ፣ «አደራ፣ ወሬውን ያዳምጡ» አለች።

ሠላሳ ዓመት ሥነ ዜጋ ላስተማረ ሰው ወሬ በሐኪም ሲታዘዝለት! መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ እስከ አጥሩ በር ሄደ። በስድስተኛው ወር፣ ፈንታሁን እንደሚለው፣ ከዋልያ ጋር ይሽቀዳደም ነበር፤ እውነቱ ወንዙን ተሻግሮ ታች ሰፈር ደርሶ መመለሱ ነው። ለዚያ ልብ እሱም ተአምር ነበር።

ወሬው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። «የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በመሪ ፊርማ ብቻ አንድ አይሆኑም» ይላል ትንፋሹን እየመጠነ። «መጀመሪያ አንድ መንገድ፣ ቀጥሎ አንድ ገበያ ይጋሩ። የሚጋሩት ሲበዛ መጣላት ራሱ ይከብዳቸዋል።»

«ኧረ መምህር፣ እኛ ድስት መጋራት አቅቶን የለ እንዴ!» ብሎ ፈንታሁን አሾፈበት።

መምህሩ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚራመደው ወደ ጋሽ ደሴ ቤት ሆነ። በዚያው ወር የእድሮቹን ትልልቅ ድስቶች አዋዋሰ። ቀጥሎ ወንበሮቹን። ድንኳኑ ቀረ።

በመጨረሻው ቀን ከታች ሰፈር ሲመለሱ፣ ፈንታሁን እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ዝቋላ በረሃ ውስጥ በጋቢው አንቆ ስለገደለው ነብር ያወራ ነበር። ዳገቱ ግማሽ ላይ ነብሩ ሦስት ሆነ። ዞር ሲል መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ደረቱ ላይ። ከወንዙ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር።

ሁለቱ ድንኳኖች ከገጠሙ በኋላ እፀገነት፣ የመምህሩ ሚስት፣ ወጥታ ቀና አለች። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ነፋስ ይነፋዋል። ከሥሩ የላይና የታች ሰፈር ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ብዙ ቆማ አየችው።

«ቤተ ክርስቲያን ድረስ አድርሰኝ» አለችው ለፈንታሁን።

መንገድ ላይ፣ አፉ እንደዛሬ ከብዶት አያውቅም፣ ነገራት። «ዝም ማለቱን አልሰማሁም። እኔ እያወራሁ ነበር።»

ጥቂት ሄደች። «ነብሩን ነው?»

«ነብሩን።»

«መጀመሪያ ጸሐዩ ወሬህን ሲነግረኝ ሚዳቋ ነበር» አለችና ፊቷ ፈካ ብሎ መልሶ ጠቆረ። «ሲስተሯ ነግራኛለች፤ የልቡ ግማሽ መጀመሪያ ሲታመም ያኔውኑ ሞቷል። አሥሩን ወር ያገኘው በእግሩ ነው። መስማት ግን ነበረብህ።»

«ነበረብኝ።»

ዳገቱን ጀመሩ። እፀገነት ስለ ባሏ ታወራለች፤ ግማሽ ልብ ይዞ ሁለት ሰፈር እንዴት እንደጎተተ፣ ማታ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ «ዛሬ ኬንያ ደረስኩ» እያለ እንዴት እንደሚያስቃት። ፈንታሁን፣ ለአንዱ ሦስት መመለስ የሚችል ሰው፣ ጆሮውን ወደ እሷ አዘንብሎ ይራመዳል።

ዳገቱ መሐል ላይ ድምጿ ተቋረጠ።

እሱም ቆመ። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ እንደገና እስክትናገር ድረስ እግሩን አላነሳም።