እስከ እሁድ ውሃ የለም

ሱሀይላ ከኮምቦልቻ ሐርጌሳ ከመጣች ሰንበት ብላለች። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተቀጥራ እንግዳ ትቀበላለች። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤትም ከስልኳም እየለቃቀመች ስለተማረችው፣ ለውጭ አገር ሰዎች የሚጻፈው ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። የማረፊያው ባለቤት ኒምኮ ጽሑፉን አታየውም፤ «አንቺ ካልሽው ይበቃኛል» ብላ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ሱሀይላ ከናይሮቢ መጥቶ እዚያው ላረፈ ሳኪሪያ ለሚባል የሒሳብ ባለሙያ በዋትሳፕ መልእክት ላከች። «ደረሰኙን እስከ ማክሰኞ እልክልዎታለሁ» ማለቷ ነበር። ለ«እስከ» የመጣላት የእንግሊዝኛ ቃል «አንቲል» ነውና እሱኑ አስገባች። ሳኪሪያ ከምሳ ሲመለስ ባንኮኒው ጋ ቆም አለ።

«አንቲል አይባልም እኮ፤ ባይ ነው» አላት እንደ ዘበት።

ሱሀይላ አመስግና ነገሩን በልቧ ያዘች። ለካ ስትሳሳት ነው የኖረችው። ከዚያ በኋላ የጻፈችውን መልሳ እያነበበች፣ አንቲል ያገኘችበትን ሁሉ እየነቀለች ባይ ትተክልበት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ተሰነጠቀ። ጠጋኙ ሐሙስ ማታ ውሃውን አፍስሶ ሊጀምር፣ እሁድ ሊያስረክብ ተስማማ።

«እስከ እሁድ ውሃ እንደሌለ ለእንግዶቹ ጻፊላቸው» አለቻት ኒምኮ።

ሱሀይላ ጻፈች። እጇ ወደ አንቲል ሄዶ ነበር፤ መለሰችውና ባይ ብላ አተመች። በየፎቁ ለጠፈችው።

ዓርብ ጠዋት ሳኪሪያ ለጁምዓ ሊታጠብ እንደገባ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ አለቀበት። ፀጉሩ አረፋ እንደለበሰ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ደረጃውን ወረደ። ሁለት ኡጋንዳውያን መሐንዲሶች የጥርስ ብሩሽ እንደያዙ ተከትለውታል።

«ውሃው ሄደ» አላት።

«አዎ፤ ትናንት ለጥፌያለሁ።»

«እሱን አንብቤ ነው እኮ የተዘናጋሁት። እሁድ ሲደርስ ውሃው ያልቃል ነው የሚለው። እስከዚያ አለ ብዬ ምንም ሳልይዝ ተኛሁ።»

ሱሀይላ ወደ ኡጋንዳውያኑ ዞረች። እነሱም እንደዚያው እንደገባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነገሯት። ፊቷ ጋለ።

«ባይ በይ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ።

ሳኪሪያ ፎጣውን ከትከሻው ሳበ። አረፋው ወደ ቅንድቡ እየወረደ ነበር።

ኒምኮ ይህን እንደሰማች ከጎረቤት ውሃ አስቀዳች፤ ሱሀይላም ጀሪካን ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። ብታፍርም ሐሳቧ ሌላ ዘንድ ነበር። ያን ዕለት ስህተት የተባለ ቃል ዛሬ እንዴት ልክ ይሆናል?

ሳኪሪያ ከጁምዓ እንደተመለሰ ጠየቀችው።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«እንጃ። እኔን ጆሮዬ ነው የሚነግረኝ።»

«ጆሮ የሌለን ሰዎችስ ምን እንሁን?»

ሳቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሱሀይላ በአማርኛ ሞከረችውና ትርጉሙን ነገረችው። እስከ እሁድ እጠብቃለሁ። እስከ እሁድ እልካለሁ። ቃሉ አንድ ነው፤ እዚህም እስከ፣ እዚያም እስከ። ደጋግማ አለችው። የሚጠብቅ ሰው እሁድ እስኪደርስ ሲጠብቅ ይቆያል። የሚልክ ሰው ግን ዓርብም ቅዳሜም ይላክ፣ አንዴ ከላከ በቃው።

«የሚቀጥለው ነገር አንቲል ይወስዳል» አለች። «አንዴ ሆኖ የሚያበቃው ደግሞ ባይ።»

«የውሃው መጥፋትስ?»

«እሁድ እስኪደርስ ይቀጥላል። ስለዚህ አንቲል ነበር።»

ሳኪሪያ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ኒምኮም ሥራዋን ትታ መጣች። በሶማልኛ ለብቻዋ ስታጉተመትም ቆየችና «እኛ ምን እንደምንል ጠፋኝ፤ እናቴን ልጠይቅ» አለች።

ሳኪሪያ ግን አልጨረሰም። «እስከ እሁድ አልክም ስንልስ? እንግሊዝኛው እዚህ አንቲል ነው የሚለው። መላክ አንዴ ነው አላልሽም?»

ሱሀይላ የተቃና የመሰላት ሁሉ ፈረሰባት። ማስታወቂያውን አስተካክላ ለጠፈች፤ ወደ ቤቷ ወደ ኮድቡር ስትሄድ ባጃጅ ውስጥም ይኸው ሐሳብ አልለቀቃትም።

ቅዳሜ ሳኪሪያ ቁርሱን ሊበላ ሲወርድ ደረጃው ሥር ጠበቀችው።

«አለመላክ አንዴ አይደለም» አለችው፣ ደህና አደሩ እንኳ ሳትል። «ሰውየው እስኪልክ ድረስ አለመላኩ ይቀጥላል።»

ቆሞ አሰበበት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ቋንቋ ተምሬ፣ ሠርቼ፣ ይህን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም» አላት።

እሁድ ከሰዓት ሮቶው ተጠግኖ ቧንቧዎቹ አየር እየተፉ ውሃ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ኒምኮ ማንኛውም ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ይነበብልኝ ትላለች፤ ሱሀይላም ቃል በቃል ታስረዳታለች። ሰኞ ዕለት ከኡጋንዳውያኑ አንዱ ሻይ ሲጠጣ ሱሀይላ አጠገቡ ቆማ «ስለ ጊዜ ስናወራ ሲንስ እና ፎር የሚለያዩት በምንድን ነው?» ስትለው፣ ሰውየው ብርጭቆውን አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።