የሚጡ የእሑድ ሥራ

ሰው ሳይጠየቅ ሄዶ እውነቱን ቢናገር ይመሰገንበታል ወይስ ሥራውን ያጣበታል? ይህን ጥያቄ ድስት ሳጥብም፣ ካልሲ ስጠቅምም፣ አውቶቡስ ስጠብቅም ከራሴ ጋር ስሟገትበት ከርሜአለሁ። መልስ ግን አላገኘሁለትም። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ድረስ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አላስተማሩንም።

ያስጨነቀችኝ የልጅ ልጄ ናት። ሚጡ ነው የምላት፤ ቁመቷ የበር መቃን ቢነካም ለእኔ ያው ሚጡ ናት። የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው፤ ቆራጭ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መቀሷን ይዛ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ እንዳለች ትውላለች። ማታ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ የክር ቁራጭ ለቅሜ አልጨርስም።

የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት አንዲት ቀጥ ያለች ሴት ናት። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «ውሃ ልክ» ናት። ግንበኞች ግድግዳው መንጋደድ አለመንጋደዱን በሚያዩበት ዕቃ ነው የሰየሟት፤ የተጣመመ ነገር ካየች የሰው ቤትም ቢሆን ሳታቃና አታልፍም አሉ። አንድ ሕግ አላት። መጋረጃ ተቆርጦ ከላይ ከተሰፋ በኋላ የታችኛው ጠርዙ ወዲያው አይዘመዘምም። መጀመሪያ ተሰቅሎ ያድራል። ጨርቅ በገዛ ክብደቱ ይወርዳላ! ሳይወርድ ከዘመዘሙት፣ ሳይቆይ አንዱ ጎኑ ወለል ይጠርጋል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚት ያሳያል። እትዬ ታዲያ ይህን ሕግ ለሁሉም ነገር አደረገችው። ሠራተኛ ፈቃድ ቢጠይቃት፣ ደንበኛ ቢከራከራት መልሷ አንድ ነው፤ «ይሰቀልና ይደር።»

ደግሞ ግቢዋ ውስጥ አንድ አረንጓዴ መኪና ቆሟል። የራሷ ነው፤ ግን ነድታው አታውቅም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ደጋግማ ወድቃ ተስፋ ቆርጣለች። ሠራተኞቹ የጨርቅ ጥቅል ይደረድሩበታል።

«እማዬ፣ ከመኪናነት ወደ መደርደሪያነት የተዛወረ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች ሚጡ እየሳቀች።

እሷ መኪና ላይ ስትስቅ እኔ አልስቅም፤ ጭንቀቴ የመጣው በመኪና ነዋ። ሚጡ ገና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣች መሪ መያዝ እንደ ፍቅር ያዛት። ጭራሽ የአስተማሪነቱንም ፈቃድ ጨመረችበትና፣ የመኪና ማሠልጠኛው እሑድ እሑድ መጥተሽ አስተምሪልን ብሎ ቀጠራት። እኔ በፍርሃት ልሞት!

«ሚጡ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ ዛፍ ላይ አልወጣሁም። መኪና ውስጥ ነው የገባሁት።»

«ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም። መቁረጥ ለእጄ ነው፣ መንዳት ለልቤ።»

«እግዚኦ! ጨጓራሽስ ሌላ ሥራ አላማረውም?»

ይህም ባልከፋ። የከፋው እትዬ ሠራተኛ ስትቀጥር የምትናገረው ነገር ነው። «ሌላ ሥራ የያዘ ሰው ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሁ ግን ተሰነባብተናል» ትላለች። የምሯን ነው፤ አንዱን ሰፊ በዚሁ ምክንያት አሰናብታዋለች። ሚጡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልንገራት ስትል፣ ቀሚሷን ይዤ የምጎትታት እኔ ነኝ። አንዴ «የሠርግ ወቅት ይለፍ፣ አሁን ሥራ በዝቶባታል» እላለሁ። አንዴ «ጥርሷን አሟት የለ እንዴ? ጥርሱን ለታመመ ሰው ምሥጢር ይነገራል?» እላለሁ። በመጨረሻ ልጅቷ ሰለቻት።

«እማዬ፣ ሰኞ ጠዋት እነግራታለሁ። ብታባርረኝም በሬ ወለደ ብዬ አልኖርም» አለችና እሑድ ጠዋት ወደ ማሠልጠኛው ሄደች። ስልኳን ቤት ትታ ነው የሄደችው፤ ስታስተምር ስልክ አትይዝም።

ስልኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አየሁት፤ «እትዬ» ይላል። ዝም ብለው ምን ነበረበት? እጄ ግን ከእኔ ቀደመ፤ አንሥቼ «አቤት» አልኩ።

«ሃሎ! እማማ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች ድምፅዋ እንደ መሥመር ቀጥ ብሎ። «ቆራጫችንን ፈልጌ ነበር። ነገ ስለሚሰቀለው መጋረጃ አንድ ነገር ልጠይቃት።»

የለችም ብል የት ሄደች ልትለኝ ነው። ስለዚህ «አለች» አልኩ።

«እስቲ ያቅርቡልኝ።»

«አለች ግን… ታማለች። ተኝታለች።»

«ምነው? ምኗን?»

«ራሷን» አልኩ። ራስ ምታት ብቻውን አነሰብኝ፤ «ሆዷንም» ብዬ ጨመርኩ። አሁንም ዝም ስትልብኝ «ትኩሳትም አላት» አልኩ። መዋሸት ካልቀረ ምን አሰሰተኝ!

«እግዜር ይማራት» አለችና ዘጋች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አዳንኳት ብዬ!

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አጮልቄ ባይ እትዬ ራሷ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ፣ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ታማለች ከተባለ ሊጠይቋት እንደሚመጡ እንዴት አላሰብኩም? «መጣሁ፣ መጣሁ!» እያልኩ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። ሁለት ትራስ ሚጡ አልጋ ላይ አጋደምኩና ብርድ ልብስ ደረብኩባቸው። ስመለስ የሳሎኑን መጋረጃ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ፤ ሚጡ «ለማጅ» የሚል ታርጋ በተለጠፈበት መኪና ስትመጣ በመስኮት እንዳትታይ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ በሩን ከፈትኩ።

«ይግቡ እትዬ ውሃ…» አመለጠኝ።

«ውሃ ምን?»

«ውሃ… ውሃ ልስጥዎት? ፀሐዩ ከባድ ነው።»

ደመና ነበር።

ገባች። በተከፈተው የመኝታ ቤት በር በኩል አልጋውን አየችው።

«ተከናንባ ነው የምትተኛው?»

«ብርሃን አልስማማት ብሎ ነው።»

«እግሯስ የታለ?»

«ሰብስባዋለች። ስትታመም ትሰበስባለች።»

«አልቀስቅሳት እንግዲህ» ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እፎይ አልኩ። አሁን ትሄዳለች፣ አሁን ትሄዳለች እያልኩ ብርቱካኑን ሳህን ላይ ደረደርኩ። እሷ ግን ዓይኗን ከመጋረጃው ላይ መንቀል አቃታት። ከእኔ ጋር ታወራለች፣ ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል። ትመልሰዋለች፤ ተመልሶ ይሄዳል። ያ መጋረጃ ሚጡ ሥራ እንደጀመረች የሰፋችው የመጀመሪያዋ ነው። ቶሎ ሰቅዬ እማዬን ላስደስት ብላ ጠርዙን ያኔውኑ ዘምዝማው ነበር። የግራው ጎን ወለል ይጠርጋል። ክፍት ሲሆን አያስታውቅም፤ እኔ ነኝ በገዛ እጄ የዘጋሁት!

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና ተነሣች። «ይህን ማን ሰፋው?»

«ያቺ… ታማሚዋ።»

«ሳይሰቀል ነው የተዘመዘመው።»

«ልጅ ነበረች እትዬ፣ አላወቀችም!»

መች ሰማችኝ? ጎንበስ ብላ ጠርዙን ለካች፣ ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች፤ ከዚያ ብርሃን ላይ ልየው ብላ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእኔ ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ «ለማጅ» የሚለው ነጭ መኪና እንደ እንቁራሪት ዘሎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ከመሪው ኋላ የሚጡ ተማሪ የሆነ አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ላቡን እየጠረገ ወረደ። በሌላው በኩል ሚጡ ወረደች፣ ፊቷ እንደ ፀሐይ እየበራ። ዳቦ ጋጋሪው እጇን ሁለት ጊዜ ጨብጦ በእግሩ ሄደ። እትዬ ሁሉንም አየች። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«እማዬ! ጋጋሪው ዛሬ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ!» እያለች ሚጡ ዘው አለች፤ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ አለቃዋን አየች።

«ትኩሳቱ እንዴት ነው?» አለቻት እትዬ።

«የማን ትኩሳት?»

ከኋላ ሆኜ ጠቀስኳት። ልጄ ወደ አልጋው ዞራ ትራሶቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ብርቱካኑን አየች፤ ገባት። ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ሊያመልጣት ነው። ፈጣሪዬ፣ አሁን ደግሞ እንዳትስቅብኝ! አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ቆመች።

«እትዬ፣ አልታመምኩም። እሑድ እሑድ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ነገ ጠዋት ራሴ ልነግርዎ ነበር።»

«ነገ ልነግርዎ ነበር የማይል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«እውነቷን ነው!» አልኩ፤ አፌ አያርፍ። «ልትናገር ስትነሣ ይዤ የማስቀምጣት እኔ ነኝ። በስልክ የዋሸሁትም እኔው። እሷ ምንም አታውቅም።»

«ለምንድን ነው እማማ?»

«እንዳያባርሯት ብዬ ነዋ!»

«እኔ ሳላባርራት በፊት ሊገድሏት?»

«ኧረ እኔ ትንሽ ነው ያሳመምኳት!»

ሚጡ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እትዬ ግን አልሳቀችም።

«ሰኞ ሰኞ እጅሽ ደክሞ ነው መቀስ የምትይዢው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እስካሁን ያበላሸሁት ጨርቅ አለ?»

«የለም።» ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «ከዚህኛው በቀር» አለች። ወደ ሚጡ ተመለሰች። «ከሌላ ሰው አፍ አልሰማሁም። ካንቺም አፍ አስቀድሜ አልሰማሁም። በመስኮት ነው ያየሁት። መስኮት በሕጌ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ?» አልኩ።

«ይሰቀልና ይደር። መልሱን ነገ ጠዋት ትሰማላችሁ።»

ይህን ጊዜ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩት።

«አያድርም!» አልኩ። «ጨርቅ ተሰቅሎ ይደር፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተሰቅዬ አላድርም! ልጄን የሚያባርሩ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝና እርሜን ላውጣ። ደግሞ ነገር መስቀል ይህን ያህል ደግ ከሆነ፣ ያ አረንጓዴ መኪና ስንት ዘመን ተሰቀለ? ይኸው ጨርቅ ተሸክሞ ቀረ አይደል እንዴ?»

«እማዬ!» አለች ሚጡ። ድምፅዋ ከመሬት በታች የመጣ መሰለኝ።

አልቆልናል አልኩ በልቤ፤ ልትተርፍ የነበረችውን ልጅ እኔ ገፍቼ ገደል ጣልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይለቀም። እትዬ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ቁጭ አለች። የቦርሳዋን መያዣ ታጣምማለች፣ ትፈታለች።

«ያ አስተማሪ ይጮህብኝ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለብርቱካኑ። «በጮኸ ቁጥር እግሬ ፍሬኑን ይረሳዋል።»

ሚጡ ቀስ ብላ ከጎኗ ተቀመጠች።

«በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለ እትዬ። እርስዎ ቢረሱት እኔ አልረሳውም።»

«አንቺስ ትጮሂያለሽ?»

«አልጮህም።»

«እኔ ላይ ብቻ ነው የምትጮኸው» አልኩ፤ እውነት ነው።

«ጋጋሪው ስንት ጊዜ ወድቆ ነው?» አለች እትዬ።

«አሁንማ ሦስተኛ ማርሽ ገብቷል» አለች ሚጡ፤ ስንቴ እንደወደቀ አልተናገረችም። የሰው ገመና አታወጣም፣ በዚህስ አሳድጌያታለሁ።

እትዬ የተንጋደደውን መጋረጃ ደግማ አየችው። ተነሥታ አጠገቡ ሄደችና ግራ ጎኑን በእጇ ከፍ፣ ዝቅ አደረገችው።

«አንዳንዱ ጨርቅ ቶሎ ይወርዳል» አለች። «ይኸኛው ወርዷል መሰለኝ፤ ሳያድር ሊዘመዘም ይችላል። እሑድ የራስሽ ነው። ሰኞ ግን የእኔ ነው፤ ደክሞኛል ያልሽኝ ቀን አንዱን ትመርጫለሽ። ይህንንም መጋረጃ ፈትተሽ እንደገና ትዘመዝሚዋለሽ፤ እንዲህ ሆኖ የእኔ ቆራጭ ቤት አይሰቀልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ እማማ፣ ሁለተኛ ስልክ አያንሡ። ውሃ ልክ እንደምባልም አውቃለሁ።»

ምን ልበል? «ውሃ ልስጥዎት?» አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ከመልኳ ጋር አይሄድም፣ የልጅ ሳቅ ነው። ሚጡም እስካሁን ያፈነችውን ለቀቀችው፤ እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ እሑድ በመጣ ቁጥር ስለ ሁለቱም ልጨነቅ ነው፤ አንዷ ፍሬን ትረሳለች፣ አንዷ ለሁለት ሰው ፍሬን ትይዛለች።

እትዬ ሳቋን ጨረሰች። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ በአንድ ጣት አቃናች፣ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ በሩን ከፍታ በቀጥታ ወደ ነጩ መኪና አመራች።