የረዘመው ባላ

ቤተሰቦቿ ቅብጥብጥ ይሏታል፤ አልዋሹም። የዛሬው መቁነጥነጧ ግን ምክንያት ነበረው። አባቷ የተዉላት ትንሽ የሸራ ጀልባ ተጎታች ላይ እንደተጫነች ግቢውን ዘግታ ከርማለች። ታላቅ ወንድሟም ቁርጡን ነግሯታል፦ «ዛሬ ሐይቅ ካልወረደች ለጎረቤታችን እሰጣታለሁ።»

የጎደለው አንድ ነገር ነው። ለጉዞ የሸራው ምሰሶ ይነቀልና ጀልባዋ ላይ ይጋደማል፤ ፊቱ አፍንጫዋ ላይ ያርፋል፤ ኋላውን የሚሸከመው ባላ ግን ተሰብሯል።

ወንድሟ «አናጺ ልጥራልሽ?» ሲላት «ለአንድ ባላ? አናጺውም ይስቅብኛል» አለችና ጣውላ ቆረጠች፤ ጫፉን ፈልፍላ በጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቀለለችው። ምሰሶው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣ አረፋው መሀል ላይ ሲቆምላት «እደጊ!» አለች ለራሷ።

ወንድሟ መኪናውን አስጠግቶ ተጎታቹን ሲያያይዝ ግን የምሰሶው ጫፍ አጎንብሶ የኋላ መስታወቱን ሊወጋ ምንም አልቀረው።

«ምነው እህቴ፣ ማጅራቴ ላይ ነው ያነጣጠርሽው?»

ፊቷ ቀላ። ለካ ስትለካ የተጎታቹን አፍንጫ ከፍ ያለ ሳጥን ላይ አስደግፋው ኖሯል! ከሳጥኑ ሲወርድ ምሰሶውም አብሮ ወደ ፊት ተደፋ። ባላው ረዝሟል።

ጎረቤትየው የግቢው በር ላይ ቆሞ የራሱን መኪና ቁልፍ ያሽከረክራል። «ከቸገራችሁ አሁኑኑ ልውሰዳት።»

«ሲቸግረን እንጠራዎታለን» አለችው።

መጋዙን አነሳች። ባላው እንዲነቀል ግን ምሰሶውን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ብቻዋን ታገለችው፤ ንቅንቅ አላለም። ተጎታቹን ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው። መለመን እየከበዳት ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ጋሼ... ትከሻህን አውሰኝ።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል!»

እየሳቀ ከምሰሶው ሥር ገባ። «ቶሎ በይ፣ የኔ አጥንት ጣውላ አይደለም።»

«አትነቃነቅ!»

«ማን ለማን ይናገራል!»

አሁን ውሃ ልኩን አልነካችውም። መኪናውን በዓይኗ እየለካች ቆረጠች፤ ባላውን መለሰች፤ ምሰሶውን በገመድ ጠፍራ አሰረች።

ከግቢው ሲወጡ መኪናው ጉብታው ላይ ዘለለ። ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ ወደ ኋላ ዞረች። ምሰሶው ከባላው አልተንቀሳቀሰም። ወንድሟ በመስኮት ወደ ጎረቤታቸው አንገቱን አውጥቶ፣

«ሌላ ጀልባ ይፈልጉ፣ ጌታው!» አለ። ከዚያ ወደ እሷ፣ «አንቺ ደግሞ ወደ ፊት ተመልከቺ።»

«አንተ ንዳ!» አለችው፤ አንገቷን ግን እስከ ሐይቁ ድረስ ከኋላ አልመለሰችም።