የቲቸር ዘውድነሽ ጊታር

«ይህንንስ የት እናድርገው?»

የዕድሩ ሰዎች ለለቀስተኛ መቀመጫ እንዲሰፋ ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ክፍል እያስለቀቁ ነበር። ጠረጴዛው ወጥቷል፤ የመጻሕፍቱ ካርቶኖችም ወጥተዋል። አሁን አንደኛው ሰው በሁለት እጁ አግድሞ የያዘው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ነው። ከነጠላው ጫፍ ብቅ ያለው ቀይ እንጨት በቫርኒሽ ያብለጨልጫል። ክር የለውም።

ፍራሹ ላይ የተቀመጠው የሟች ዘውድነሽ ባል እንዳሻው አንገቱን ደፋ።

«መኝታ ቤት አስገቡት» አለች ልጁ ገሊላ። ከድሬዳዋ ከመጣች ሁለት ቀኗ ነው፤ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። «ግድግዳው ላይ አስደግፉት። ቀስ ብላችሁ።»

ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ሹክሹክታ ተነሣ።

«ጊታር ነው እኮ።»

«የማን?»

«የሟች ነዋ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ እሱ ነበር። እንጨት ስትፍቅ፣ ቀለም ስትቀባ።» ይህን ያሉት የአጥር ጎረቤቷ እትዬ ማሚቴ ናቸው። «በስድሳ አንድ ዓመት ሰው ስለ ነፍሱ ነው የሚያስበው ብያት ነበር። ‹እሱንም እያሰብኩ ነው እትዬ› አለችኝና ሳቀች።»

«ላስተማረችበት ትምህርት ቤት ልትሰጠው ነው አሉ።»

እንዳሻው ሰማ። እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እንደ ልማዱ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ አስገባ። ጠቋሚውና የመሃል ጣቱ የሉም።

ያን ጊዜ፣ የሚኖሩባትን ጭሮን ሁሉም ሰው አሰበ ተፈሪ ብሎ በሚጠራበት ዘመን፣ እንዳሻው የከተማው ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበር። አንድ ቅዳሜ ትርኢት ካለቀ በኋላ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መድረኩ ድረስ መጣች። ዘፈኑን የምታደንቅ መስሎት ፈገግ አለ።

«ይሄ ጊታር ድፍን እንጨት ነው» አለችው። «እንደ ክራር ሆዱ ባዶ አይደለም። ታዲያ ድምፁ ከየት ይመጣል?»

«ከሽቦው» አላት።

«ሽቦው ምን ያደርጋል?»

አላወቀም። ስድስት ዓመት ሲጫወት አንድም ቀን ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጠይቅ ሰንብቶ፣ የመብራት ሠራተኛ ካስረዳው በኋላ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠበቃት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ ያለው ማግኔት እንደሚሰማውና በማግኔቱ ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለውጠው ነገራት። እስኪጨርስ ዝም ብላ አዳመጠችው። መጽሐፍ ገልጣ ቀድማ ማግኘቷን የነገረችው ከተጋቡ በኋላ ነው።

ጣቶቹን ያጣው ሚኤሶ ላይ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው። ገሊላ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። ኪነቱ ተበትኖ እሱ የጭነት መኪና መንዳት ጀምሮ ነበር። መንገድ ዳር ቆሞ ሞተሩን ሲያይ፣ ረዳቱ የእንዳሻው እጅ ውስጥ መሆኑን ሳያውቅ አስነሣው፤ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሁለቱን ጣቶች ወሰዳቸው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በዚያው እጅ መሪ ይዞ መቻራ ድረስ ቡና ሲያመላልስ ኖረ። ጊታር ግን በቤቱ ተነሥቶ አያውቅም። ከራዲዮ የጊታር ድምፅ ከመጣ ተነሥቶ ወደ ግቢ ይወጣል። ዓመታት ሲያልፉ ዘውድነሽ እሱ ከመነሣቱ በፊት ራዲዮውን መቀነስ ለመደች።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ያ ካርቶን ሲመጣ ግራ ገባው። የቀድሞ ተማሪዋ ኢርሻድ ነው ከውጭ አስመጥቶ ከአዲስ አበባ የላከላት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ቀለም ያልነካው እንጨት፣ ለብቻው አንገቱ፣ ስድስት የክር መወጠሪያዎች፣ ማግኔቶች፣ በላስቲክ የታሰሩ ብሎኖች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት በር ላይ ቆሞ።

«ጊታር ነው። ገና አልሆነም እንጂ።»

«ለማን?»

«ለሚጫወትበት ሰው» አለችና ካቻቢቴዋን መፈለግ ጀመረች።

ሁለት ሳምንት ታገሠ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ አገኛትና «ጣት በሌለው ሰው ቤት ጊታር ማስገባት ደግ ሥራ አይደለም፣ ዘውዴ» አላት። እጇ ቆመ። «አውቃለሁ» አለችና መልሳ ማሸት ቀጠለች። እንዳሻው ከዚያ ወዲህ ክፍሏን አልረገጠም። በግድግዳው በኩል ግን ይሰማታል፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ለምሳ ስትወጣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር የእንጨት ብናኝ ለብሶ ይመጣል። እሱም ከፀጉሯ ያራግፍላት ነበር። ተኮራርፈው አያውቁም። ሰኞ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ወደቀች፤ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ከእሷ ጋር ከተነጋገረው ነገር ሁሉ የሚወጋው ያ አንድ ቃሉና «አውቃለሁ» ያለችው ነው።

በአራተኛው ቀን ከመቻራ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። ዘውድነሽ መጀመሪያ ያስተማረችው እዚያ ነበር። «ጀባዻ» እያሉ የእንዳሻውን እጅ ያዙ፤ በርቱ ማለታቸው ነው። ከመካከላቸው ጅብሪል የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ ቡና ሰብሳቢ፣ አጠገቡ ተቀመጠ።

«መብራት አልነበረንም» አለ ጅብሪል። «ቲቸር ሽቦ ጠቅልላ መጣች። ከተሰበረ ራዲዮ ማግኔት አወጣች። አንድ በአንድ እየጠራችን በገዛ እጃችን አስዞረችን። ትንሿ አምፑል ብልጭ አለች። እኛ ጋ ለብልጭታም ሰው ይሰበሰብ ነበር፤ ሼኩም መጥተው አዩ። የኔ ተራ ሲደርስ አልበራልኝም። ልቀመጥ ስል ‹እጅህ አይደለም፤ ሽቦው ነው› አለችኝ። ሽቦውን አስተካክላ መልሳ ሰጠችኝ። እስኪበራ አልተወችኝም።»

እንዳሻው ራሱን ነቀነቀ። ይህንን ታሪክ ሰምቶ አያውቅም፤ ሴትዮዋን ግን አወቃት።

በስድስተኛው ቀን አብዱልቃዲር መጣ። ገበያው አጠገብ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ እሱም የእሷ ተማሪ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«አሏህ ሶብሩን ይስጥዎት፣ ጋሼ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ «የቲቸር አማና እኔ ጋ አለ። ይዤው መቀመጥ ከበደኝ» አለ።

ጋዜጣውን ፈታው። ማግኔቶቹ ናቸው፤ ሽቦዎቻቸው በስታኞ ተበይደው፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ተያይዘው አልቀዋል።

«ለረቡዕ ተቀጣጥረን ነበር፤ አብረን ልንገጥመው። ሰኞ አረፉ።»

«ጊታሩንም ውሰደው» አለ እንዳሻው። «ጨርሰህ ለትምህርት ቤቱ አስረክብልኝ። ለእነሱ ነው የሠራችው።»

«ቲቸር ናቸው እንደዚያ ያሉት?»

«እሷ እንኳ አላለችም። ሰው ነው የሚለው።»

አብዱልቃዲር ጋዜጣውን አጠፈው። «ለትምህርት ቤት አይሆንም፣ ጋሼ። የግራ እጅ ነው።»

«እንዴት የግራ እጅ?»

አብዱልቃዲር ጊታሩን እንድታመጣለት ገሊላን ጠየቃት። ገሊላ መኝታ ቤት ገብታ ጊታሩን አመጣችና ነጠላውን ገለጠችለት። እንዳሻው በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ቀይነቱ የበሰለ ቡና ቀይነት ነው። የተጫዋች እጅ ወደ ላይኛው ድምፅ እንዲደርስ ተፈልፍሎ የሚወጣው ጎን በሚያውቀው በኩል የለም፤ በሌላኛው ነው። የመቆጣጠሪያዎቹ ቀዳዳዎችም እንደዚያው። በመስታወት ውስጥ የሚታይ ጊታር ነው የሚመስለው።

«ግራ እጅ ይመታል፤ ክሩን የሚጫነው ቀኝ እጅ ነው» አለ አብዱልቃዲር። «አምስት ጣት ያለው እጅ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ተሳስተው ነው የላኩልዎት ብያቸው ነበር። ‹አልተሳሳቱም፤ ኢርሻድ ጋ ሁለት ጊዜ የደወልኩት ለዚሁ ነው› አሉኝ። ለመምቻ ደግሞ አውራ ጣትና የቀለበት ጣት ይበቃሉ አሉ። በራሳቸው እጅ እየሞከሩ አሳዩኝ።»



«ለምን አልነገረችኝም?» አለ እንዳሻው።

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹እንዳሻው ያላለቀ ነገር ካሳየሁት አይሆንም ይለኛል። ያለቀ ነገር ግን እንደ እንግዳ ነው፤ እሱ እንግዳ ከበር አይመልስም› አሉኝ።»

ገሊላ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ አባቷ ልክ እንደዚያ ነው። እንዳሻውም ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና፣ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ የሰነበተው ሰውዬ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አብዱልቃዲር ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ጠበቀው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጸሎቱ ተደርሶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ በቤቱ ሰው ቀነሰ። ጠረጴዛው ወደ ቦታው ተመለሰ። አብዱልቃዲር ካቻቢቴውን ይዞ መጥቶ ማግኔቶቹን ገጠመ፤ አንገቱን ከገላው ጋር የሚያያይዙትን አራት ብሎኖች አጠበቀ፤ ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ ዘረጋ። እንዳሻው ከጎኑ ሆኖ መብራት ያዘለት። ክሮቹ ተዘርግተው ሲያልቁ አብዱልቃዲር ጊታሩን አቀበለው።

«መቃኘቱን እኔ አላውቅበትም» አለ።

እትዬ ማሚቴ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅሙ ነበር።

«አርባዋ ሳይወጣ» አለ እንዳሻው ወደ እሳቸው ሳያይ፣ «በሐዘን ቤት ክር አይነካም።»

እትዬ ማሚቴ ከትሪው ላይ አንድ ጠጠር አንሥተው ጣሉ። «ኤሌክትሪክ ካልተሰካ ድምፅ የለውም ብላኝ ነበር ሟች» አሉ። «ባይሆንስ እኔ እንደሆን ጆሮዬ ከባድ ነው። አንተ ቃኘው እንጂ።»

ግራ እጁን ከጋቢው አወጣ። በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ ወፍራሙን ክር ነካ አደረገው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከጠረጴዛው አያልፍም። አንገቱን አዘንብሎ ጆሮውን ወደ እንጨቱ አስጠጋና መወጠሪያውን ትንሽ ዞር አደረገ፤ እንደገና ነካው፤ እንደገና ዞር አደረገ። የመጀመሪያው ሲስማማ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እያስማማ ሄደ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢያልፍም ጆሮው አልረሳም። 

ስድስቱም ከተቃኙ በኋላ ቀኝ እጁን የጊታሩ አንገት ላይ አሳርፎ ክሩን ሊጫን ሞከረ። ድምፁ ታፍኖ ነዘረ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ነዘረ። ጣቶቹን ከክሩ አንሥቶ አያቸው። ጥፍሮቹ አድገዋል፤ የጣቱ ሥጋ ክሩ ላይ ሳይደርስ ጥፍሩ ይቀድማል።

የቀኝ እጁን ጥፍር የምትቆርጥለት ዘውድነሽ ነበረች። የግራ እጁ መቁረጫውን አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ከሆስፒታል ከወጣበት ሳምንት ጀምሮ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በረንዳው ላይ ትቆርጥለታለች። ያለፈው ቅዳሜ ተራው ነበር። ማንም አላስታወሰውም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

ገሊላ ዓይኑን ተከትላ ጣቶቹን አየች። ተነሥታ ከእናቷ መሳቢያ መቁረጫውን አመጣችና እግሩ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ዘርግታ ጠበቀችው።

እንዳሻው ጊታሩን ጭኑ ላይ በጀርባው አስተኛው። ቀኝ እጁን ጨብጦ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጣቶቹን ፈታና እጁን ልጁ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ከሥሩ አድርገሽ ቁረጪው» አላት።