በክንፏ ሥር ሃያ ሦስት

ጌንዞን የማውቀው የወተት ጥርሳችን ሳይነቀል ጀምሮ ነው። በአሶ ተራራ ሥር፣ የእነሱ ላም የእኛን ሣር፣ የእኛዋ የእነሱን እየጋጠች አደግን። ስለዚህ ልጆቼ፣ ይህን የማወራላችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም።

መስካችን ላይ ኩራራ የሚባል ተክል አለ። መራራ ነው፣ ላም አትነካውም፤ እኛም ስናጭድ እንዘለዋለን። ሰማያዊዋ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው እሱ ላይ ብቻ ነው። መጋቢት ላይ መስኩን በእሳት እናቃጥላለን፣ አለዚያ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ ኩራራውም ይጠፋል። የቢራቢሮዋ ልጆች ያን ጊዜ አፈር ውስጥ ስለሚተኙ እሳቱ በላያቸው ያልፋል። እሳቱን የሚመራው ጌንዞ ነው። ነፋስ ከመዞሩ በፊት በአፍንጫው የሚያውቅ ሌላ ሰው የለንም።

እኔ ቆጣሪ ነኝ። ያስተማረችኝ ያኔ ገና ወጣት ሆና ከከተማ የመጣችው ተመራማሪ ኦሪኤ ናት። በመረብ እይዛለሁ፣ ከክንፏ ሥር በቀጭን እስክሪብቶ ቁጥር እጽፋለሁ፣ እለቃታለሁ። በማግስቱ ከያዝኳቸው ስንቶቹ ቁጥር እንዳላቸው አይተን የመስኩን ሁሉ እንገምታለን። ማታ ማታ ጌንዞ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ስንት አየሽ?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ይህ ሠላሳ ዓመት ሆነው።

አምና ሰኔ በአርባ ቢራቢሮዎች ላይ ቁጥር ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ከወንዙ ማዶ፣ ብዙዎቹ በሚውሉበት ጎድጓዳ ቦታ፣ አንዲትም አልነበረችም። ቦታውን የምናውቀው እኔ፣ ኦሪኤና ጌንዞ ብቻ ነን።

"እማማ ቶሚኤ፣ በረው ሄደው ይሆናል" አለችኝ ኦሪኤ።

"ወዴት ልጄ? ኩራራ የት አግኝተው?"

"ከሃያ ከወረዱ ዘራቸው አይተርፍም" አለችና ፊቷን አዞረች።

በሳምንቱ በጨው የዘፈዘፍኩትን የሰናፍጭ ቅጠል ይዤ ጌንዞ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ከፊትም ከኋላም መስታወት ያለው ትንሽ ሣጥን ተሰቅሏል። ውስጡ አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ።

"እንግዳ የሰጠኝ ነው" አለ ፈጠን ብሎ። "አያምርም?"

አውርጄ ገለበጥኩት። ሃያ ሦስት ይላል። ሦስትን አናቱን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚጽፍ እኔ ብቻ ነኝ።

"ንጹሖቹን እንግዳህ ለስብስቡ ወሰደ፣ በቀለም የተበላሸችውን ላንተ መረቀልህ። አይደለም?"

ጌንዞ ጉልበቱን አሻሸ።

"ሦስት ቀን እዚህ ተቀመጠ። ስለ እሳቱ ጠየቀኝ። ስለ ሟቿ ባለቤቴም ጠየቀኝ። አንቺ ስትመጪ ወሬሽ ቢራቢሮ ነው። እኔን ማን ሰማኝ?"

"ለሰማህ ሁሉ ቦታውን ታሳያለህ? ምነው አፍህንም ከሣሩ ጋር ባጨድነው!"

"አንድ ሁለት ብቻ ነው የምወስደው አለኝ።"

"ቀበሮም ዶሮ ቤት ስትገባ እንደዚያ ትላለች።"

ቅጠሉን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ስገባ ያወለቅኩትን ጫማ ማግኘት አቃተኝ፤ እግሬ ሥር ነበር።

ኦሪኤ ለመንደሩ ስብሰባ እንንገር አለች። እኔስ አፌ ድረስ መጥቶ አልነበር? ግን መንደራችንን አውቀዋለሁ፤ የተዋረደ ሰው ችቦ አይይዝም። ያለ ጌንዞ እሳት የለም፣ ያለ እሳት ኩራራ የለም።

"ልጄ፣ እሳቱን ማን ይመራልሻል?" አልኳት። ዋጥኩት፣ ከኩራራው ይመር ነበር።

መጋቢት መጣ። ከመለኮሳችን በፊት ሁላችንም ከአንድ ጽዋ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ እንቀምሳለን፤ ቂም ይዞ እሳት መንካት ነውር ነው። ጌንዞ ጽዋውን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት፣ ግን አልጠጣሁም። አየኝ። ከዚያ ነፋሱን አሸተተና "ከምዕራብ ጀምሩ!" ብሎ ጮኸ። መስኩ እንደዚያ አምሮ ተቃጥሎ አያውቅም።

ሰኔ ላይ ያገኘኋቸው አሥራ አንድ ቢራቢሮዎች ብቻ ነበሩ፤ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ሲመሽ ጌንዞ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። በአንድ ዓመት ሸምግሏል።

"ስንት አየሽ?"

"አልቆጠርኩም" አልኩት።

በቀለም የጠቆሩ ጣቶቼን አየ። "እሺ" አለ፣ ወደ ላሞቹም ሄደ።