የዕድሩ ድስትና የአብዱልመናን እንጉዳይ

አብዱልመናን መጋረጃ ሰፊ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ካሉት መሥሪያ ቤቶች መካከል የእሱ መጋረጃ ያልተሰቀለበት መስኮት የለም ይባላል፤ የሚለው ግን እሱው ራሱ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ሲያወራ ድምፁ ሰንጋ ተራ ደርሶ ይመለሳል። የሚያወራው ደግሞ ሁልጊዜ ገና ስላልሆነ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሳሙና መሥራት ነበር። ሳሙናው ቀርቶ ደረጃው እስከ ዛሬ ያዳልጣል። ቀጥሎ ድርጭት መጣ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያረባቸው ድርጭቶች አዲስ አበባን በእንቁላል ሊያጥለቀልቋት ምንም አልቀራቸውም፤ አንዷ በመስኮት አምልጣ የጎረቤት ሽሮ ውስጥ ባታርፍ ኖሮ።

ስለዚህ የባቡሩ ሐዲድ በሚዘረጋበት፣ ልደታ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ በሚቅምበት ዓመት፣ አብዱልመናን አንድ ጥቅል ላስቲክ ታቅፎ ሲገባ ሚስቱ ሀዲያ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆመው የሚጨርሱት ወሬ እንዳልሆነ ገብቷታል።

«እንጉዳይ!» አላት።

«አላህ ይጠብቀን።»

«እያት እስቲ ይቺን።» አንዱን ከረጢት ዘርግቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው። ጎኑ ላይ ቴምብር የምታክል ነጭ ቁራጭ ተለጥፋበታለች። «ላስቲክ እንዳይመስልሽ፤ ይተነፍሳል! ይቺ ነጯ ማጣሪያው ናት። አየር ታስገባለች፣ ሻጋታ ትከለክላለች። ገለባ ሞልተሽ በእንፋሎት ታበስያለሽ፣ ሲቀዘቅዝ ዘሩን ትጨምሪያለሽ፣ አፉን ታሽጊያለሽ። ከዚያ አንቺ ትተኛለሽ፣ እሱ ይሠራል።»

«እሱስ የት ሊተኛ ነው?»

«ትንሿ ክፍል ውስጥ።»

ትንሿ ክፍል የሀዲያ እናት፣ ወይዘሮ ሺፋ፣ ረመዳን ሲቃረብ ከኮምቦልቻ መጥተው የሚያርፉባት ናት። ሀዲያ ላስቲኩንም ባሏንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«እሺ። እማዬ እስክትመጣ ድረስ ያንተ ትሁን። ግን እማዬ ደጄን ስትረግጥ በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት እንጉዳይ፣ አንዲት ብቻ፣ በቅላ ካላየሁ ይሄ የመጨረሻህ ነው። ድርጭት የለ፣ ሳሙና የለ፣ ገለባ የለ። መጋረጃህን ሰፍተህ ትገባለህ፣ መጋረጃህን ልትሰፋ ትወጣለህ። ማልልኝ።»

«ወላሂ!»

ቶሎ ማለ፤ የማለበትን ያሰበው ግን ከማለ በኋላ ነው። መጋረጃ ማለት ቀጥ ያለ ስፌት ነው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት የሰፋ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያስበው ጠማማ ነገር ካጣ ያብዳል። ይህን ለሀዲያ ነግሯት አያውቅም። የነገራት በሚቀጥለው ዓመት እንጉዳይ ለዱባይ እንደሚልክ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመወጣጫው ነዋሪ በሙሉ እንጉዳይ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። የቀረው ማብሰያው ነው።

በግቢው ውስጥ ያን ሁሉ ከረጢት የሚችል አንድ ድስት ብቻ አለ፤ የዕድሩ ድስት። ሦስት ሰው ገብቶ ቢታጠብበት ውኃው አይፈስም። ሥጋ ነክቶት ስለማያውቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከእሱ የወጣ ሽሮ ሳይጠይቅ ይበላል። ጠባቂው አቶ ተሰማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር። ድስቱን የሚያዩት በድሮ ጊዜ አውቶብሳቸውን ያዩት በነበረው ዓይን ነው፤ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ ከመጋዘን አያስወጡትም።

«ለምንድን ነው የፈለግከው?» አሉት።

«ለድግስ ነው፣ ጋሽ ተሰማ።»

«የምን ድግስ?»

«ገና ያልተጠራ ድግስ። የመጀመሪያው ተጋባዥ ግን እርስዎ ነዎት።»

አቶ ተሰማ ከላይ እስከ ታች ገመገሙት። «ውሰድ። ለቅሶ ከመጣ ግን እንኳን ገለባህን አንተንም ገልብጬ ነው የማነሣው።»

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ባለው የጋራ ማብሰያ ቤት፣ አብዱልመናን እሳቱን አነደደ። ድስቱ ውስጥ ከታች ድንጋይ ደርድሮ ውኃ አፈሰሰ። የጤፍ ገለባና ፉርሽካ የጠቀጠቀባቸውን ከረጢቶች ከድንጋዩ በላይ ከመረ። ክዳኑን ገጥሞ ዙሪያውን በጨርቅ ጠመጠመ። ከረጢቱን የሸጠለት ሰውዬ «እስኪመሽ ድረስ አትክፈተው፤ እንፋሎቱ የገለባው ልብ ውስጥ ካልገባ ሻጋታው አይሞትም» ብሎታል። አብዱልመናን በእሳቱ ዳር እንደ ጄኔራል ተንጎራደደ። ድስቱ ማፏጨት ጀመረ። ጭሱ ከሐዲዱ አቧራ ጋር ተደባልቆ ልደታን በጠራራ ፀሐይ አጨለማት።

የከሰዓቱ የአሰር ሶላት ሳይደርስ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ አዛውንት አርፈው ነበር። ጥሩምባው ገና ሳያበቃ አቶ ተሰማ እጃቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው ደረሱ።

«ጋሼ! እስከ መግሪብ ብቻ! እንፋሎቱ ልቡ ውስጥ አልገባም!»

«ለቀስተኛው ግን ድንኳን ውስጥ ገብቷል። አንሡት!»

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት!»

«የፈጠረኝማ ጠርቷል፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ድስቱ ተገለበጠ። ከረጢቶቹ ለብ ብለው ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ። አብዱልመናን አንዱን አንሥቶ ጨመቀው። መሀሉ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ነገ ሌላ በርሜል ፈልጎ እንደገና ማብሰል እንዳለበት ያውቃል፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም። ነገር ግን የሰው ግርግር ሲሰማ በየፎቁ መከለያ ላይ የተደገፈው ጎረቤት ቁልቁል እያየው ነበር።

«አብዱልዬ፣ በሰለልህ?» አለች የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ እንዳለች፣ ያቺ ድርጭቷ ሽሮዋ ውስጥ የወደቀችባት።

«በስሎ አልፎበታል!» አለ።

አፉ እንዲህ ካለ በኋላ እግሩም እጁም ተከተሉት። የበሰለ ነገር እንደገና አይበስልም። ከረጢቶቹን ወደ ላይ አወጣ፤ ዘሩን በየከረጢቱ በተነ፤ የሱቁን ካውያ አምጥቶ አፋቸውን እየተኮሰ አሸገ። ስፌቱ መቼም እንከን የለውም። የአምባሳደር መጋረጃ እንኳ እንዲህ አልተተኮሰም።

ለጥቂት ቀናት ነገሩ አማረ። ገለባው መሀል ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር መሮጥ ጀመረ። አብዱልመናን ትንሿን ክፍል በቁልፍ እየከፈተ ጎረቤት አስጎበኘ። ከዚያ አንድ ጠዋት በነጩ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየ። በማግስቱ ነጥቧ ሳንቲም አከለች። ሳንቲሟ ሰሐን ሆነች።

«እንጉዳይ አረንጓዴ ነው እንዴ?» አለች ያቺው እንዳለች በበሩ ስንጥቅ እያየች።

«የውጭ ዝርያ ነው!» ብሎ በሩን ዘጋ።

ዘግቶ ግን ግድግዳውን ተደገፈ። ለሻጩ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ማጣሪያዋን ነጭ ቁራጭ ረገማት። ሐዲዱን ረገመ፣ አቧራውን ረገመ። ማጣሪያዋ ግን ምን ታድርግ? እሷ የምትከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ ሻጋታው ከመጀመሪያውም ከውስጥ ነበር። ይህን ደጋግሞ ያስበውና በጥርሱ ያኝከዋል። ያቺ አንዲት «አልበሰለም» የምትል ቃል አፉን እንዴት አቃተችው? አለመናገር የሚያውቅ ይመስል!

«እማዬ ነገ ትገባለች» አለች ሀዲያ አንድ ቀን ከሰዓት። ሳታስፈቅደው ትንሿን ክፍል ከፈተች። ሽታው ቀድሟት ወጣ። አልጮኸችም፤ ይህ ነው ያስፈራው። «አውጣ» አለች ብቻ።

ከረጢቶቹን በጆንያ ተሸክሞ ሲወርድ ጎረቤቱ በየመከለያው እንደ ኳስ ተመልካች ተሰልፏል። አንድ ሰው ሳቀ። አብዱልመናን ከዕድሩ መጋዘን ኋላ ሲደርስ ጆንያውን እንደ ጠላት ጣለው፤ ከረጢቶቹ በየቦታው ተቀደዱ።

«የማነው ይሄ?» አሉ አቶ ተሰማ ከመጋዘኑ ብቅ ብለው።

«የማንም አይደለም! የእኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አያወጣም! ቆሻሻ ሸጠውልኝ ነው! ወላሂ የእኔ አይደለም፤ የወደደ ይውሰደው!» ጩኸቱ ሰንጋ ተራ ደረሰ።

ወይዘሮ ሺፋ መጡ፤ ትንሿ ክፍል ምን ምን እንደምትል ጠየቁ፤ ሀዲያ መስኮቱን ከፈተችላቸው። ዝናቡም ጀመረ። አብዱልመናን መጋረጃ ሰፍቶ ይገባል፣ መጋረጃ ሊሰፋ ይወጣል። ስለምንም ነገር አላወራም። ዝምታው ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ የሦስተኛ ፎቋ እንዳለች ታሟል ብላ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀው መጣች።

አንድ ማለዳ ታዲያ ደረጃውን ሲወርድ ከመጋዘኑ ኋላ ሰው ተሰብስቦ አየ። ጠጋ አለ። ከተቀደዱት ከረጢቶች ውስጥ፣ በዝናቡ ታጥበው፣ አረንጓዴውን ጥሰው፣ እንጉዳዮች ወጥተዋል። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ነጭ፣ የዝሆን ጆሮ ያህል። ልደታ ከተቆረቆረች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልበቀለባትም።

«የእኔ ናቸው!» ብሎ ሰው ገፍቶ ገባ።

አቶ ተሰማ ቢላና ሰፌድ ይዘው ተንበርክከዋል። ቀና እንኳ አላሉም። «የማን?»

«የእኔ ነዋ ጋሼ! ገለባው የእኔ፣ ዘሩ የእኔ...»

«ወላሂ የእኔ አይደለም ብለህ ምለሃል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም መሐላህን አከብራለሁ። ሰው ሰምቷል ወይስ ልጥራ?»

«ሰምተናል!» አለ መከለያው በሙሉ።

«የተቀቀለው በዕድሩ ድስት፤ የበቀለው በዕድሩ መሬት። የዕድሩ ነው» አሉና አንዱን በቢላቸው ቀነጠሱ።

አብዱልመናን አፉን ከፈተ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ የሚያምነው ግን ጠፋ።

ለምሳ ከዕድሩ ድስት በየቤቱ አንድ አንድ ሰሐን ተላከ፤ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ። አብዱልመናን ሀዲያን አያት።

«ያው በቅሏል እኮ» አላት በለሆሳስ።

«በዚህ ቤት ነበር ያልኩት» አለች። «እማዬ ሳትገባ።»

ወይዘሮ ሺፋ አንድ ጉርሻ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። «ያ አላህ! እንዴት ያለ ሙያ ነው! አቶ ተሰማ የሚባሉት ናቸው ያበቀሉት? እንዲህ ያለ ጎረቤት ይዘህ፣ አንተ ልጅ፣ ምነው አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አንድ ነገር ብትማር? ዘላለም መጋረጃ፣ መጋረጃ!»

ሀዲያ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ከሰሐኑ ትልቁን እንጉዳይ መርጣ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው። አብዱልመናን አኘከ። ከጠበቀው በላይ ይጣፍጥ ነበር፤ ዱባይ ቢላክ ዱባይ ትጮህ ነበር። ዋጠ። አማቱ ምን ይላል ብለው ይጠብቁታል።

«ጨው አንሶታል» አለ።